ውሃ የሌለው ፕላኔት

መቱ ውስጥ ታፔላ ሲጽፉ የኖሩት አጎቴ፣ ከጓደኞቼ ጋር ጠረጴዛ ላይ በትናንሽ የፕላስቲክ ወታደሮች ለምንጫወተው የጦርነት ጨዋታ የሩቅ ፕላኔቶችን ይሠሩልን ነበር። ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ተራራ ይቀርጻሉ፤ መሬቱን የቡና ገለፈት ያለብሱታል። በሁሉም ላይ ታዲያ ከኮላ የሚሠሩት ፏፏቴ አይቀርም።

«ጋሼ፣ እዚህ ፕላኔት ላይ እኮ ውሃ የለም» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ውሃ ለሌለው አገር ማን ይዋጋል?» አሉና አገጬን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው አንድ ዓይኔን አስጨፈኑኝ። ጣት የምታክለው ፏፏቴ ከመቱ አቅራቢያ ያለውን ግዙፉን የሶር ፏፏቴ አከለች፤ ጭጋጓ ፊቴን የነካኝ መሰለኝ።

ካረፉ ወር አለፈ። የመጨረሻው ፕላኔታቸው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ተራራው ተቀብቷል፣ ወንዙ ግን ደረቅ ነው። ልጨርሰው ብዬ ብሩሻቸውን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

ወታደሮቼ እስካሁን ከሣጥናቸው አልወጡም።