የጠያቂዎች አይብ

እናቴ ከበዴሳ ወደ ሶዶ ስትመጣ ፍየሏም በሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ታስራ አብራት መጣች። የእናቴ ሆድ ውስጥ ያደገው ነገር የላም ወተት አልቀበል ብሎ ነበር፤ የሚረጋላት የዚያች ፍየል አይብ ብቻ ነው። ሆስፒታሉ አገላብጦ አያትና "ቤት ውሰዷት፣ የምትወደውን አብሏት" ብሎ መለሰን። የዚህን ትርጉም የማያውቅ ሰው የለም። እኔም አውቄዋለሁ፤ ግን የምትወደው ነገር አለ ብዬ ተስፋ አልቆረጥኩም።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት በአንድ ለአምስት ስብሰባ ካላስመሸኝ በቀር አይቡን የምሠራው ራሴ ነበርኩ። የፍየል ወተት ጥቂት ስለሆነ ጠብታው ሁሉ ያሳሳል። የረጋውን ወተት በሸክላ ድስት ለስለስ ባለ እሳት አሞቀዋለሁ፤ አላማስለውም። እሳቱ ከበረታ አይቡ እንደ ጎማ ይደርቃል። አጓቱን ካጠለልኩ በኋላ እሳት ያስነካሁት የእንሰት ቅጠል ላይ ለብ እንዳለ አደርገዋለሁ። በትንሽ ጨው፣ በጣቷ ጫፍ ቆንጠር አድርጋ ስትውጠው ሳይ ጸሎቴ የተሰማልኝ ይመስለኝ ነበር።

መከራዬ ጠያቂ ነው። በእኛ ዘንድ በሽተኛ ያለበት ቤት በሩ አይዘጋም፤ የመጣ ሰውም አፉ ላይ ሳያደርግ አይወጣም። እናቴ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ እንግዳ ሳይቀምስ ቀምሳ አታውቅም። የጎረቤት ሴቶች ለጸሎት ይመጣሉ፣ ከመንደሯም ዘመድ ይመጣል። እሷ ከአልጋዋ ቀና ብላ በወላይትኛ "አይቡን አቅርቢላቸው" ትለኛለች። ስኳር ድንች ተቀቅሏል እላለሁ። "ስኳር ድንችማ እቤታቸውም አለ" ትላለች። በሽታዋ በባሰ ቁጥር ጠያቂው በዛ፤ ጠያቂው በበዛ ቁጥር ለእሷ የሚተርፈው አነሰ።

አንድ ቀን የግቢ ጎረቤታችን "የፍየል ነው? ሽታ እንኳን የለው" እያለች ዳታ በርበሬውን ደጋግማ እየጨመረች ጥርግ አድርጋ በላችው። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ በእጄ የነበረው ጭልፋ መሆኑ ለእሷም ለእኔም በጀን። ስትወጣ እናቴ ላይ ጮህኩባት።

"ለአንቺ ብዬ ነው እኮ የምሠራው!"

"ልጄ፣ ዝም ብዬ ተኝቼ ሲያዩኝ የምሞት ሰው ነኝ" አለች። "ሳበላቸው ግን የቤት እመቤት ነኝ።"

ጓሮ ወጥቼ ፍየሏ አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እግዚአብሔርንም ተቀየምኩት።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ቀኑን ሙሉ ሲያወርደው ባጃጅ እንኳን ወደ ሰፈራችን አልገባም፤ ደጃችንን የረገጠ ሰው አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ አይቡ ሙሉውን የእሷ ሆነ። ደስታዬ እንዳይታወቅብኝ እየተጠነቀቅኩ አጠገቧ አስቀመጥኩት።

"ማን መጣ?" አለችኝ።

"ማንም። ዛሬ እንግዳዋ አንቺ ነሽ።"

ፈገግ አለች። ቆንጠር አድርጋ አፏ ውስጥ ያዘችው። ብዙ ቆየች። ከዚያ እጄን ሳብ አድርጋ መዳፌ ላይ መለሰችው። ሌላም ሞከረች፤ ጉሮሮዋ እምቢ አለ። እንዳይከፋኝ ብላ "ጣፍጧል" አለችኝ። ቅስሜ ስብር አለ። ያን ሁሉ ጊዜ ከጠያቂዎች አፍ ልነጥቅላት የታገልኩት ምግብ ከእንግዲህ ምንም አይሠራላትም።

አመሻሽ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ጎረቤታችን የጫማዋን ጭቃ እያራገፈች ገባች። አይቡን እንዳለ አቀረብኩላት። ምን እንደሆነ ገብቷት መሰለኝ፣ እንደዚያ ቀን አልተቻኮለችም፤ አንገቷን ደፍታ በዝግታ ትበላ ጀመር። ሲጋመስ እናቴ ከአልጋው ላይ በደከመ ድምፅ ጠራችኝ።

"ጨምሪላት" አለችኝ።

ጨመርኩላት።