ባዜቃ ያነጣው የኣብርሄት ቀለበት

ሓዝሓዝ ሰፈር በምንኖርበት ግቢ አምስት ክፍሎች ነበሩ። ከውኃ ቧንቧው አጠገብ ያለው የኣብርሄት ነበር። ባሏ ዘርዓይ ማኪና ጠጋኝ ነበር፤ ፌዴሬሽኑ በፈረሰ በዓመቱ ይሠራበት የነበረው ጋራዥ ተዘጋና በምጽዋ አድርጎ በመርከብ ወደ ጅዳ ሄደ። ፌርማታው ላይ ሲሰናበታት የጋብቻ ቀለበቷን በጣቷ ላይ አንድ ጊዜ አዙሮ፣ "ይህን ያጠለቅሁት እኔ ነኝ፤ የማወልቀውም እኔ ነኝ" አላት። ቀልዱን ይሁን ከልቡ እሷም አላወቀችም። ግን እንደ ቃል ኪዳን ያዘችው። ከጅዳ አንድ ደብዳቤ መጣ። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም።

ልብስ የምታጥብላቸው ጣሊያናዊት ወደ አገራቸው ሲገቡ ኣብርሄት ሥራ ፈታች። በ1958 ዓ.ም. መስከረም ላይ ወርቅ የሚያጥበው ኣያ በራኺ ዘንድ ሥራ ገባች፤ ኣያ እንደ ጋሼ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ ጣሊያኖች ወርቅ ያወጡበት የነበረ ጉድጓድ አለ። ጦርነቱ ሲመጣ ጥለውት ሄዱ። ድንጋዩን ፈጭተው ወርቁን ከወሰዱ በኋላ የደፉት ዱቄት እንደ ኮረብታ ተከምሮ ቀረ። ሲደርቅ አመድ ይመስላል፤ ዝናብ ሲመታው ቢጫ ይሆናል። ሰዉ ሓመድ ወርቂ፣ የወርቅ አፈር፣ ይለዋል። በራኺ በወጣትነቱ እዚያው ወፍጮ ላይ ሠርቷል፤ ጣሊያኖቹ ያመለጣቸው ወርቅ በየትኛው በኩል እንደተደፋ ያውቃል። ከፊት አራት ጥርስ የለውም። "ወርቅ ስፈልግ ጥርሴን ከፈልኩ" ይል ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ዱቄቱን በእንጨት ገበታ ላይ አድርገው በውኃ እያወዛወዙ ቀላሉን ያፈሱታል። ከታች ጥቁር ከባድ አሸዋ ይቀራል። በዚያ ላይ ባዜቃ፣ ያ እንደ ውኃ የሚፈሰው ነጭ ብረት፣ ጠብ ይደረግና በእጅ ይታሻል። ባዜቃው በአሸዋው ውስጥ እየተንከባለለ ወርቁን ይለቅማል። ከዚያ በነጠላ ቁራጭ ይጨመቅና የቀረችው ነጭ እንክብል እሳት ላይ ትቀመጣለች። ባዜቃው በኖ ይሄዳል፤ ወርቁ ይቀራል። ጢሱ መርዝ ስለሆነ፣ እሳቱ ሲነድ በራኺ አብረውት የሚሠሩትን ሴቶች ሁሉ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያቆማቸው ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ጣቷን አይቶ፣ "ቀለበትሽን አውልቂ" አላት።

"ኣይፋልን፣ ኣያ በራኺ፤ አይወልቅም።"

"ባዜቃ ወርቅ ካየ አይምርም። ያገኘውን ያገባል።"

"እኔ ባል አለኝ" አለችው፤ ሴቶቹ ሳቁ።

በራኺ ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልጨቀጨቃትም። እሷም ሻማ አቅልጣ ቀለበቱን በሰም ሸፈነችው፤ በላዩ ላይ ቀጭን ጨርቅ ጠምጥማ በክር አሰረችው። ሁልጊዜ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ክሩን በጥርሷ ስታጠብቅ እኔ አያት ነበር።

ከኅዳር ጽዮን በኋላ አንድ ማታ በሬን አንኳኳች። እኔ ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ስፌት እማር ነበር። ጨርቁን ፈትታ እጇን ዘረጋችልኝ። ቀለበቱ ነጭ ሆኗል፤ እንደ ቆርቆሮ።

"ዘርዓይ ሞቶ ይሆን?" አለችኝ።

ሻሂ አፍልቼ ሰጠኋት፤ ሳትጠጣው ቀዘቀዘ።

በማግስቱ አብሬያት ሄድኩ፤ በራኺንም ያንኑ ጠየቀችው። በራኺ ጣቷን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ተመለከተ። አልተቆጣትም።

"ማንም አልሞተም" አላት። "ሰምሽ ነው በእጅሽ ሙቀት የለሰለሰው፤ ባዜቃው በዚያ ገብቶበታል። አውልቀሽ ስጪኝ፣ እሳት ላይ ላድርገው። ከዘገየሽ እንደ ብስኩት ይሰበራል።"

"ማውለቅ አልችልም።"

"እንግዲያስ ጣትሽን ልጥበሰው?"

"ኣያ በራኺ፣ አትቀልድብኝ። ዘርዓይ ነው የሚያወልቀው።"

በራኺ ገበታውን መሬት አስቀምጦ፣ "ዘርዓይ ሲመጣ የሚያወልቀው ነገር እንዲያገኝ ነው የምልሽ" አላት።

ሦስት ቀን ሥራ አልሄደችም። በዚያች እጇ ውኃ እንኳ አልቀዳችም። ደረቷ ላይ እንደ ታመመ ነገር ይዛት ትቀመጥ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቀለበቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ታየ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሳሙና ይዛ ወደ ክፍሌ ገባች።

"አንቺ አውልቂው" አለችኝ። "እኔ በእጄ አላወልቀውም።"

ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጣቷን በሳሙና አሻሁት። ጣቷ ከሥራው ብዛት አብጦ ስለነበር አልወጣ አለኝ። እንዳይሰበር ፈርቼ ቀስ እያልኩ አዞርኩት። እሷ አንድም ጊዜ አልዞረችም። ግድግዳው ላይ ያለውን የቀለም ቅርፊት በሌላው እጇ ጥፍር ትልጥ ነበር። ሲወጣ ጣቷ ላይ ነጣ ያለ ክብ ቀረ።

"ወጣ?"

"እወ፣ ወጣ።"

"እንግዲህ እኔ አላየሁም" አለች።

በራኺ በትንሽ ሸክላ ላይ አድርጎ እሳት ላይ አስቀመጠው። እንደ ልማዱ በነፋሱ በኩል ቆምን። ነጩ ቀስ በቀስ ጠፍቶ ቢጫው ተመለሰ። ግን የቀድሞው ቀለበት አልሆነም። ፊቱ ሻክሯል፤ ስንጥቁም ወደ ውስጥ ዘልቋል። ኣብርሄት ተቀብላ በመሐረብ ቋጠረችው እንጂ አላጠለቀችውም።

ወርቅ ሠሪው ሑሴን የወሎ ሰው ነው፤ ገበያው ዳር ጠባብ ሱቅ ነበረው፤ ቀለበቱን ይዘን ወደ እሱ ሄድን። ኣብርሄት በትምህርት ቤት አማርኛዋ ቃል እየመረጠች አስረዳችው። እሱም ቀለበቱን በመቆንጠጫ ይዞ አገላብጦ አየው።

"እቴ፣ ይኼን አቅልጬ እንደ አዲስ ልሥራልሽ። ከበፊቱ ያምራል።"

"አይቅለጥ። የተሰነጠቀው ብቻ ይደፈን።"

"በምን ልድፈነው?"

ከሓመድ ወርቂ የደረሳትን ድርሻ፣ የምስር ፍሬ የምታክል እንክብል፣ ከመሐረቧ አወጣች። ሑሴን በጥቁር ድንጋዩ ላይ ፈተጋት።

"ይህ ወርቅ ብር አለበት፤ የነጣ ነው። ከቀለበቱ ጋር አይመሳሰልም፣ ጥገናው ይታያል። ከፈለግሽ ቀለም አስይዤ እደብቀዋለሁ።"

"አትደብቀው" አለችው። "ሲያየው ይጠይቀኝ። እነግረዋለሁ።"

ሑሴን ሥራውን ጀመረ። ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ጠበቅነው። ሲጨርስ ቀለበቱን በጨርቅ ወልውሎ፣ "በይ እጅሽን አምጪ" አላት። እሷ ግን መዳፏን ዘርግታ ተቀበለችው። ቢጫው ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጣ ያለች ቦታ አለች። በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻት።

"አታጠልቂውም?" አልኳት በመንገድ ላይ።

"ያጠለቀልኝ እሱ አይደል? አሁንም እሱ ያጥልቀው" አለችኝ።

ማታ የአንገቷን ማዕተብ ፈትታ ቀለበቱን ከመስቀሏ አጠገብ አስገባችው፤ ቋጠሮውን እኔን አጠብቂልኝ አለችኝ። ሰኞ ወደ ሥራ ስትመለስ በራኺ ባዶ ጣቷን አይቶ፣ "አሁን ገና ሠራተኛ ሆንሽ" አላት። ፈገግ ብላ ማዕተቧን ወደ ኋላ፣ ወደ ጀርባዋ አዞረችው፤ ስታጎነብስ ባዜቃው አጠገብ እንዳይወርድባት።

እኔ በ1966 ዓ.ም. አግብቼ ከግቢው ስወጣ ቀለበቱ አንገቷ ላይ ነበር። ጣቷ ላይ የነበረው ነጣ ያለ ክብ በፀሐይ ጠቁሮ ከሌላው ቆዳዋ ጋር ተመሳስሎ ነበር። እሷ ግን ስታወራ ቦታውን በአውራ ጣቷ ታሽ ነበር፤ የቱ ጋ እንደነበረ እንዳይጠፋት ይመስለኛል።