ስም ያልታሰረበት ችግኝ

ሰፈሩ «ውሃ አጠጡ» ይላታል። ከአፏ ሌላ ቃል አይወጣማ! የማዘጋጃ ቤቱ ችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ናት። ወንዙ ክረምት በመጣ ቁጥር ዳርቻውን እየገመሰ ወደ ቤቶቹ ይጠጋል፤ እሷም አፈሩን በሥራቸው አንቀው የሚይዙ ዛፎች ለማብቀል ዕድሜዋን ፈጅታለች። ሰው ለመትከል አይሰንፍም፤ የተከላው ቀን ጭብጨባውም ፎቶውም ይደምቃል። በጋ ሲገባ ግን ባልዲ የሚያነሳ የለም።

«ዝናቡ ከዓመት ዓመት እየከፋ ነው፤ ኋላ ወንዙ ሳሎናችሁ ይገባል!» ስትል፣ ጎረቤቷ ደላላው፣ «እስከዚያማ እኛ የት ተገኝተን!» ብሎ ሰዉን ያስቃል።

ሳትጠራ የምትመጣ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ጓደኛዋ ልብስ ሰፊዋ። ሱቋን ዘግታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ባልዲ ይዛ ከች ትላለች። ወሬያቸውን እየሰለቁ ያጠጣሉ።

«አንቺ እኮ ከሰው ይልቅ ለዛፍ ታዝኛለሽ» ትላታለች ልብስ ሰፊዋ።

«ዛፍ ወሬ አያቀብልማ!»

በአንዱ በጋ ውሃ አጠጡ አንድ ነገር መጣላት። ሰው ለነገ ብሎ ከወንበሩ አይነሳም፤ ለልጁ ሲሆን ግን ይሮጣል። ታዲያ ለምን እያንዳንዱ ችግኝ በአንድ ልጅ ስም አይጠራም? ስም መጻፊያ ቁራጭ ጨርቅ እንድትሰጣት ጓደኛዋን ጠየቀቻት። ልብስ ሰፊዋም ለምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ ሸነሸነችላት፤ እንዳይተረተር ጠርዙን ሳይቀር ዘመዘመችው።

ስሙ ተጽፎ በየችግኙ ላይ ሲታሰር የሆነው ተአምር ነው። «የጎረቤቴ ልጅ ለምልሞ የኔ ሊደርቅ?» እያለ ሰዉ በባልዲ ተጋፋ። ደላላው ራሱ ገና ላልተወለደ የልጅ ልጁ አንድ ችግኝ አስያዘና እንደ ጨቅላ ከነፋስ ይከልለው ጀመር።

በዚያ ግርግር መሃል ውሃ አጠጡ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ወደ ጓደኛዋ ዞር አለችና፣ «ያንቺንስ በማን ስም ልጻፈው?» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ አንድ ልጅ ነበረቻት። ታማ ከሞተች ቆይታለች። በቀብሩ ላይ እናቲቱን ደግፋ የቆመችው ራሷ ውሃ አጠጡ ነበረች። አፏ ቀደማት እንጂ ጠፍቷት አይደለም። ልብስ ሰፊዋ ባልዲውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና ሄደች።

በማግስቱ ውሃ አጠጡ ሱቋ ድረስ ሄደች። የስፌት መኪናው ድምፅ አልቆመላትም።

«አፌን በቆረጠው ኖሮ። ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ። እሱ አይደለም።»

«ታዲያ ነይ። ያንቺ ረድፍ ተጠምቷል።»

መኪናው ቆመ። «ስሚኝ እህቴ፤ በዚህ ከተማ ልጅ የሞተባት እናት ያልሆንኩበት ቦታ ያ ወንዝ ዳር ብቻ ነበር። ማን ጥላው ሥር እንደሚቀመጥ ሳላውቅ ሳጠጣ ይቀለኝ ነበር። አሁን በያንዳንዱ ላይ የሰው ልጅ ስም ተንጠልጥሏል። በየት በኩል ልለፍ?»

«ጨርቁን በሙሉ እፈታዋለሁ።»

«ብትፈቺው ነገ የሚመጣ ሰው ይኖራል?»

ውሃ አጠጡ መዋሸት አቃታት።

«እንግዲያው ተይው» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ መኪናውን እንደገና አስነሳች።

ውሃ አጠጡ ግን አላስቻላትም። ወንዙ ዳር ወርዳ አንዱን ጨርቅ ፈታች። ጥቂት በእጇ ይዛው ቆየችና መልሳ አሰረችው።

ባለፈው ክረምት ወንዙ ሞልቶ መጣ፤ ዳርቻውም አልተገመሰም። ሰዉ «እጅሽ ይባረክ» ይላታል። «ሰው ለማያውቀው ሰው ብሎ ባልዲ ሲሸከም ያየሁት እሷን ብቻ ነው» አለችኝ ውሃ አጠጡ አንድ ቀን፣ ልብስ ሰፊዋን ሳነሳባት።

አልተኳረፉም። ውሃ አጠጡ ልብሷን አሁንም እዚያው ታሰፋለች። ልትወስድ ስትሄድ ልብስ ሰፊዋ ቀና ሳትል፣ «ጸደቁ?» ትላታለች።

«ጸድቀዋል።»

«ተመስገን።»

ከዚያ ወዲያ የሚያወሩት ያጣሉ።