መቀመጥ ያቃተኝ ዘመን

ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ! ዝም ብዬ ልቀር ነበር፤ ልቤ እምቢ ስላለኝ ተነሣሁ። ያደረገልኝን ልንገራችሁ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ የሐይቅ ከተማ የትምህርት ኃላፊ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት አምባሰል ነው። ገጠር አስተማርኩ፣ ርዕሰ መምህር ሆንኩ፣ ለውጡ መጥቶ ሹም ሲቀያየር ቢሮው ለእኔ ደረሰኝ። ከዚያ ስብሰባ፣ ግምገማ፣ ሪፖርት! ባለቤቴ ይመር የፊዚክስ መምህር ነበር። «የሺ፣ እስኪ እንደ ሰው ቁጭ በይ» ይለኝ ነበር፤ ማን ሰምቶት!

ጦርነቱ ወደ ሐይቅ ሲቃረብ ይመር፣ «እናትሽን ይዘሽ ደሴ ቅደሚ። እኔ የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተሮች ደብቄ እደርስባችኋለሁ» አለኝ። ሚኒባስ ውስጥ ተጋፍተን ወጣን። ደሴ ላይ ጠበቅሁት፤ አልመጣም። ስልኩ አይሠራም። ደሴም ስትታወክ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን ደረስን። የትምህርት ኃላፊዋ በሰው ከተማ፣ በመማሪያ ክፍል ወለል ላይ፣ ተፈናቃይ ሆኜ ተኛሁ።

መንገዱ ሲከፈት ተመለስን። ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ገና ሳያቸው ገባኝ።

«ልጄ፣ ይመርን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘነው። ቄሶቹም ሸሽተው ነበር። እኛው ተሸክመን ቤተ ክርስቲያናችሁ ግቢ ቀበርነው። አላህ ያጽናሽ» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። ቢሮ ውስጥ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት። ቆሜ እፈርማለሁ፣ ቆሜ እበላለሁ። በር ሲላተም ልቤ ልትወጣ ትደርሳለች። እናቴ ጠበል ወሰደችኝ። ደሴ ያለ ሐኪም መርምሮኝ፣ «ልብዎ ጤነኛ ነው። ሰውነትዎ ግን ገና እየሸሸ ነው» አለኝ። መድኃኒቱ ትንሽ አስተኛኝ፤ ስነቃ እዚያው ነኝ።

አንድ ቀን ሀና የምትባል የአንደኛ ክፍል መምህርት ጠመኔ ልትጠይቅ ቢሮዬ ገባች። ስንቆራጠጥ አየችኝና፣ «አብሬዎት ልራመድ?» አለች። ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። ወንጌል አማኝ መሆኗን አውቅ ነበር፤ ግን አልሰበከችኝም፤ ብቻ አብራኝ ሄደች። በማግስቱም መጣች፤ ከዚያ ወዲያም ከትምህርት በኋላ ትመጣ ነበር።

አንድ ቀን ግን ፈነዳሁባት። «ያንቺ ጌታ ይመር ሲሞት የት ነበር? ንገሪኝ!»

«አላውቅም» አለች። ዐይኗ እንባ ሞላ። «እኔም ወንድሜን ቀብሬያለሁ። ጌታን ስጠይቀው መልስ አልሰጠኝም። ትቶኝ ግን አልሄደም።»

ወደ ውኃው ዞሬ ጮህኩ። «ኢየሱስ፣ ካለህ ያዘኝ! ደከመኝ!» አልኩ። ሌላ ጸሎት አላውቅም። ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፣ አለቀስኩ፤ ልነሣም አልፈለግኩም። ሀና አጠገቤ ሆና ትጸልይ ነበር። ሃሌ ሉያ! ጌታን የተቀበልኩት እዚያው ነው።

እናቴ ተቆጣች። «የአባትሽን ሃይማኖት ተውሽ!» ብላ ስንት ቀን አኮረፈችኝ። በኋላ ምሳ አቅርባ ቆማ አየችኝ። «ይከፋኛል፤ አልዋሽሽም» አለች። «ግን ቁጭ ብለሽ በላሽ። ይህን ያደረገውን አልረግምም።» ክብር ለስሙ ይሁን!

ቅዱሳን፣ ይመር አልተመለሰም። ዛሬም ከባድ መኪና ሲያንባርቅ ብድግ እላለሁ። ግን የጌታ እጅ ትከሻዬ ላይ አለ፤ መልሼ እቀመጣለሁ። አመሰግነዋለሁ!

እዚህ መካከል ዕረፍት ያጣህ ወንድሜ፣ ያጣሽ እኅቴ፣ እስክትረጋጉ አትጠብቁ። ቁጣችሁንም ጥያቄያችሁንም ይዛችሁ ኑ። እኔን የተቀበለኝ ስጮህበት ነው።