የሲሚንቶ ወለል ያለው ቤት

አርባ ምንጭ ውስጥ ቤቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። አባቴም አይደለም፣ ደላላውም አይደለም። ይህን ከመጀመሪያው ልናገር፣ ኋላ ሰበብ እንዳልፈልግ።

አባቴ ሸማኔ ነው። ከጋሞ ደጋ፣ ከኦቾሎ በጎረምሳነቱ ወጥቶ አዲስ አበባ፣ ከሽሮ ሜዳ ጀርባ፣ በአንዲት የጭቃ ቤት ሸማ ሲሠራ ኖረ። ሸማኔ ሲሠራ ያላየ ሰው ካለ፣ መሬቱ ይቆፈራል፣ ሰውዬው ጫፉ ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን ወደ ጉድጓዱ ይከታል፣ ታች እየረገጠ ላይ በእጁ መወርወሪያውን ይወረውራል። እኔ ያደግሁት ከወገቡ በላይ ብቻ የሚታይ አባት እያየሁ ነው። ትምህርት ቤት፣ ሸማኔን በሚሰድቡበት ስድብ፣ «ቁጢት በጣሽ» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን አንዷን በጥፊ አልኳትና ወላጅ አምጪ ተባልኩ። አባቴ መጥቶ ዳይሬክተሩ ፊት እጁን አጣምሮ ስለኔ ይቅርታ ጠየቀ። ሱሪው ላይ የክር ብናኝ ነበረበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ጉድጓድ ጠላሁት።

እናቴ ካረፈች ዓመት ሳይሞላ ሰፈራችን ለልማት ተነሣ። አባቴ «ወደ አገሬ ልጠጋ» አለ። ኦቾሎ የተራራ ጫፍ ነው፣ ብርዱና ዳገቱ ለጉልበቱ አይሆንም ብዬ ከሥሩ ያለችው አርባ ምንጭ ትሁን አልኩ። ከተማዋን አይቻት አላውቅም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቤት የተቀመጥኩ ነኝ፣ የትም ብሆን ያው ነበር። ቀድሜ ወርጄ ቤት እንድፈልግ ላከኝ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መቆፈር የሚፈቅዱ ሰዎች ፈልጊ።»

«እሺ አባዬ» አልኩት።

ደላላው መጀመሪያ የወሰደኝ ሲቀላ ወደሚባለው የታችኛው ሰፈር ነው፣ ከገበያው ጀርባ። የባጃጁ ጥሩምባ፣ ሙዝ የሚያራግፉት ሰዎች ጩኸት፣ ሙቀቱ። ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። የግቢው ባለቤት ገና ስለ አባቴ ስነግራት እጄን ያዘችኝ።

«ሸማኔ? የኛ ሰው? ታዲያ ምን ትገተሪያለሽ፣ ግቢ እንጂ!»

ክፍሉ የአፈር ወለል ነው። በሩ ሰፊ ነው፣ ብርሃኑ እስከ ጥግ ይገባል። ከጎን ያለው ተከራይ ራሱ ሸማኔ ነበር፣ ጎንበስ ብሎ እየሠራ በጋሞኛ ሰላም አለኝ።

«እዚህ ጋ ይቆፍራል» አለች ሴትዮዋ በእግሯ መሬቱን መታ መታ አድርጋ። «ሁለቱ እየተጫወቱ ይሠራሉ።»

«ይሞቃል።»

«ሲቀላ ነዋ! ፍሪጅ ውስጥ ልናስገባሽ ነው?»

«ትንኝስ አለ?»

«አለ። አጎበርም አለ።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አስቤ እመለሳለሁ ብያት ወጣሁ።

«አንቺ የአዲስ አበባ ልጅ ነሽ፣ ላንቺ የሚሆነው ሴቻ ነው» አለኝ ደላላው። በባጃጅ ዳገቱን ወጣን። ሴቻ ነፋስ አለው። የቢሮ ሰው ሰፈር ነው፣ ፀጥ ያለ። ከበሩ ላይ ሆኜ ከታች የተኛውን ሐይቅ አየሁት። የክፍሉ ወለል የተወለወለ ሲሚንቶ ነበር፣ ጫማዬን አውልቄ ቆምኩበት፣ ቀዘቀዘኝ። አከራይዋ ሴትዮ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም።

«አባትሽ ሥራቸው ምንድን ነው ልጄ?»

«ጡረታ ላይ ነው» አልኩ።

ሳላስብ ያመለጠኝ አይደለም። ሆን ብዬ ነው። አባቴ ከዚያ ጉድጓድ ይውጣ፣ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥ፣ እኔም በማንም የማልታወቅበት ከተማ የማንም ልጅ ልሁን ብዬ ነው። ስለ መቆፈር አልጠየቅሁም። መልሱን ስለማውቀው አልጠየቅሁም።

አባቴ ሲመጣ ሴትዮዋ በሩ ላይ ተቀበሉት። «በጡረታዎ የሚያርፉበት ሰፈር ነው፣ ጌታ ይባርክዎት» አሉት። አባቴ ዞር ብሎ አየኝ። «አሜን» አለ። ገብቶ ወለሉን በባዶ እግሩ ዳበስ ዳበስ አደረገው።

«ንጹሕ ነው» አለ። የሽመና ዕቃውን በገመድ እንደታሰረ ከበሩ ኋላ አቆመው።

እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ አገኘሁ። እሱን ጠዋት አልጋው ላይ ቁጭ እንዳለ እተወዋለሁ፣ ስመለስ እዚያው ነው። ጣቶቹ አያርፉም፣ የአንሶላውን ጫፍ ሲተረትር ይውላል። ምሳውን ይተዋል። «አሞሃል?» ስለው «የለም፣ ደህና ነኝ» ይላል። ምን እንደሆነ ማን ይንገረኝ? ዐውቅ ነበር። ነገ ይለምደዋል እያልኩ ወራት አለፉ።

አንድ እሑድ «ወንድሜ ጋ ኦቾሎ ደርሼ ልምጣ» አለ። ደርሶ የሚመጣ ሰው የሽመና ዕቃውን ተሸክሞ አይሄድም። ሲሸከመው አየሁ።

በሳምንቱ አከራይዋ መጡ። «አባትሽ የታሉ?» አሉኝ። ያን ጊዜ መዋሸት ሰለቸኝና ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ሸማኔ?» አሉ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው። «የኔም አባት ሸማኔ ነበር እኮ! በሱ ሥራ ነው የተማርኩት። ምን ነው ብትነግሪኝ፣ ጓሮ ዳስ ይጣልላቸው አልነበር? መሬት ሞልቶ!»

እኔ ከአዲስ አበባ ተሸክሜ ያመጣሁት ኀፍረት እዚህ ሰው እንኳን አያውቀውም።

በማግስቱ በላንቴ መንደር በኩል አድርጌ ኦቾሎ ወጣሁ። አጎቴ ቤት፣ በሩ አጠገብ፣ አባቴ ከወገቡ በላይ ይታያል። ጋቢ ደርቧል፣ ያስላል። እየሠራ ነው።

«ሲሚንቶውን የመረጥኩት አውቄ ነው» አልኩት፣ ሰላም እንኳን ሳልለው።

«ዐውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ክሩን ቀጠለ፣ ጫፉን በምራቁ አርሶ። «በሕይወትሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጥሽው ቤት ነው። ደስ ብሎሽ ነበር።»

ስለ ጓሮው ነገርኩት፣ ስለ ዳሱ፣ ሴትዮዋ ስላሉት ሁሉ። ለመንኩት። እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም።

«ጥሩ ሴት ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው» አለ። «ግን ልጄ፣ ከሽሮ ሜዳ አንዴ ተነሣሁ። ካንቺ ቤት አንዴ ተነሣሁ። ሦስተኛ አልነሣም።»

«ብርዱ ይገድልሃል አባዬ!»

«ይሆናል» አለ።

በሩ ላይ ቆሜ ማልቀስ ጀመርኩ። እሱ ቀና ብሎ ጥቂት አየኝ፣ ከዚያ ሸማውን አየ።

«ብርሃኑን ጋረድሽብኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ።»

ፈቀቅ አልኩለት።