ጎማዋን ያስደፈንኩ ዕለት

ባለፈው እሁድ ከሰዓት የሃና ፓምፕ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ተልኮ አሰላ ደረሰ... የጡት ወተት ማለቢያው ማለቴ ነው። ሃና ባለቤቴ ናት። በማግስቱ ከወሊድ ፈቃድ ወደ ሥራ ትመለሳለች፤ ቢሮ ሆና እያለበች ለልጃችን ልታመጣለት ነው።

እኔ ልጠበው ብዬ ስፈታታው አንዲት ነጭ ለስላሳ ጎማ ወጣች። የጣት ጫፍ ብታክል ነው። ጫፏ ላይ ተሰንጥቃለች!

«የተቀደደ ዕቃ ይልኩልናል?» ብዬ በገንኩ። ለሃና ብነግራት ትጨነቃለች። ዝም ብዬ ኪሴ ከተትኳትና ጎሚስታው ጀማል ጋ ሄድኩ።

«መምህር፣ የምንድናት ይቺ?» አለኝ።

ሰዎች ተቀምጠዋል። የሚስቴ ጡት ማለቢያ ናት ልበል እንዴ?

«የ... የአረም መድኃኒት መርጫ ናት» አልኩ።

«እርሻ ጀመርክ እንዴ?»

«ኧረ ሁሩታ ያለ ዘመዴ ነው።»

ጀማል በማስቲሽ ድፍን አደረጋት። ቀቅዬ ቦታዋ መለስኳት። ባለሙያ ባል ሆኜ ነው የተኛሁት!

ሰኞ ሃና ባዶ ጡጦ ይዛ መጣች። ጡቷ አብጦ ሕመሙ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ልጁን እያጠባች ታለቅሳለች።

«የሰው ሁሉ ይታለባል፣ የኔ እምቢ አለ። ችግሩ እኔው ነኝ። በቃ ሥራውን እተወዋለሁ...»

ፓምፑን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል ያየሁት ያኔ ነው። ለካ ጎማዋ ስትሠራም ተሰንጥቃ ነው... ወተቱ የሚወርደው በስንጥቋ በኩል ነው።

አሁን ልንገራት፣ አሁን ልንገራት እያልኩ ተመልሼ ምን ብል ጥሩ ነው? «አይዞሽ፣ አጥሚት ጠጪ።»

ማክሰኞ ጠዋት ሥራ መልቀቋን ለአለቃዋ ልትነግር አብረን ወጣን። መንገድ ላይ እነግራታለሁ ብዬ አፌን ስከፍት ጀማል ከማዶ ተጣራ።

«አካም መምህር! መርጫው ሠራ?»

«የምን መርጫ?» አለች ሃና።

ጀማል ደግ ሰው ነው፣ አስረዳት። «ይቺን የምታህል ነጭ ጎማ... ጫፏ ተሰንጥቃ ደፈንኩለት እኮ!» ጣቱን ሳይቀር አሳያት።

ሃና ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ትናንት ሳለቅስ ታውቅ ነበር?»

«አዎ» አልኳት።

ብትጮህብኝ በወደድኩ። ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የጠየቀችኝ።

«አንተ ከምታፍር እኔ ሥራዬን ብለቅ ተሻለህ?»

ባጃጅ አስቁማ ብቻዋን ሄደች... ልትለቅ ሳይሆን ልትሠራ። አዲስ ጎማ አስልኬ አሁን ወተቱ ይወርዳል።

ማፈሩ እንደሆነ አልቀረልኝም።