ከጎማው ቀድማ የወጣችው ቡችላ

ባለፈው ሳምንት ኦሎምፒያ አካባቢ ጎማዬ ተንፍሶብኝ ጎሚስታ ቤት ቆምኩ። ጎሚስታው እስኪጨርስ በፀሐይ የጋለ የከባድ መኪና ጎማ ክምር አጠገብ ተቀምጬ ነበርና ያ የሞቀ ላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ሌላው ሰው በሽቶ ይናፍቃል፣ እኔ በጎማ። ናፍቆት ስላችሁ ግን ደስታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ያለፈው ነገር እዚያው ተቀምጬ ፊቴን አጋለው።

ማትሪክ ያልመጣልኝ ዓመት ነበር። ቤታችን ካዛንቺስ ነው። አባባ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ወንበራቸውን ከውጭ በሩ ፊት ለፊት አድርገው ጋዜጣ ያነቡ ነበር። ጋዜጣው ሰበብ ነው፤ የሚያነቡት በሩን ነው። አንድ አብሮኝ የተማረ ልጅ ደብተር ሊመልስልኝ መጥቶ ሁለት ጊዜ በራችን ላይ ቆሞ ታየ። ከዚያ በኋላ ሱቅም ቤተ ክርስቲያንም ከእማዬ ጋር ካልሆነ መሄድ ቀረ። ጓደኞቼ ገሚሶቹ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፣ ገሚሶቹ ሥራ ያዙ፣ እኔ ከቤታችን ደረጃ እስከ በሩ ሠላሳ አራት እርምጃ መሆኑን ቆጥሬ አወቅሁ። ሲመሽ ሠላሳ አምስት የሚሆንበት ቀንም ነበር፤ እርምጃዬ እያጠረ ይመስለኛል።

ብቻዬን እንድሄድ የተፈቀደልኝ አጥር የምንጋራቸው መካኒክ ቤት ብቻ ነበር፤ ያውም ሚስታቸው ሹራብ ሥራ ስለሚያስተምሩኝ። መካኒኩ ቡልጋሪያ አካባቢ ጋራዥ ነበራቸው። ዓይናቸውን ሞራ እየሸፈነው ሲመጣ ዘጉትና ጎማውንም ብረታ ብረቱንም ግቢያቸው ውስጥ ከመሩት። በዚያን ጊዜ ጥላ እንጂ መልክ አይለዩም ነበር።

አንዲት ውሻ ነበረቻቸው። መኪናውን እሳቸው ዘንድ ያሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ የተወላቸው ናት። "ዊፔት ነው ዘሯ፤ ለሩጫ የተፈጠረች" ይሉ ነበር። ወገቧ ከመቅጠኑ የተነሳ ሰፈርተኛው የተራበች መስሎት በአጥር ላይ እንጀራ ይወረውርላታል። እማዬም አንድ ቀን "ኧረ ይቺን ፍጥረት ያብሏት፣ ኃጢአት ነው" ብላ ተቆጥታቸዋለች።

መካኒኩ ግን ጭንቀታቸው ሌላ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ደብረ ዘይት መንገድ ላይ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ውሻ የሚያሯሩጡ ጥቂት ሰዎች ይሰበሰባሉ። ሜዳው ላይ ዊፔቷን የሚደርስባት አልነበረም። ከሩጫው በኋላ አጨዳ ያለቀበት ማሳ ውስጥ ጥንቸል ፍለጋ ስትገባ ግን፣ ቆዳዋ ስስ ነውና እሾህ ይተለትላታል፣ ቃርሚያው እግሯን ይወጋታል። ስለዚህ ሥጋ ቤት ያለው ጎረቤታችን ከገጠር ካስመጣው ረጅም ውሻ ጋር አዳቀሏት። የእሷን እግር ከእሱ ቆዳ ጋር የያዘ፣ ለሩጫም ለአደንም የሚሆን አንድ ቡችላ ነበር ምኞታቸው። "ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ እንዲህ ያለ ውሻ ባሳድግ፣ በቃ፣ ሌላ አልመኝም" ይሉኝ ነበር። ጥንቸሉን የሚበላው ሰው የለም፤ እኛ ጥንቸል አንበላም። የተያዘው ለውሻው ይጣላል። እማዬ ይህን ስትሰማ "የማይበላ ነገር ማሳደድ ምን ይሉታል?" ብላ አማተበች።

ዊፔቷ አምስት ወለደች፤ ሦስት ወንድ፣ ሁለት ሴት። መካኒኩ ግቢያቸው በብረት ስለተሞላ የተመረጠው ቡችላ እኛ ዘንድ እንዲያድግ አባባን ለመኑ። እኔ ላበላው፣ ቅዳሜ ቅዳሜም ከእሳቸውና ከሚስታቸው ጋር ሜዳ ወስጄ ላለማምደው። መኪናዋን የሚነዱት ሚስታቸው ስለነበሩ አባባ እንቢ የሚሉበት ሰበብ አጡ። ማታ በረንዳው ላይ ግን ቁርጡን ነገሩኝ።

"ወንድ ከሆነ ይሁን፤ ግቢም ይጠብቃል። ሴት ውሻ ግን እዚህ አትገባም። የሰፈሩን ወንድ ሁሉ በር ላይ ታስቆማለች።"

ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነበር። እንዲህ ያሰቡት እሳቸው ብቻ እንዳልሆኑ ልንገራችሁ። ሰፈራችን ውስጥ ሴት ቡችላ የሚቀበል ቤት አልነበረም። ሁለት ወር ሲሞላት በማዳበሪያ ተደርጋ ቄራ አካባቢ ትጣላለች። እዚያ አጥንት አታጣም እየተባለ የሁሉም ሕሊና በሰላም ያድራል።

የምርጫው ቀን ጠዋት ፀሐዩ ብርቱ ነበር። መካኒኩ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ጎማ መሬት ላይ አስተኝተው አምስቱን ቡችሎች መሐሉ አስገቧቸው፤ ወተቱን ውጭ አስቀመጡት። ከዚያ በገመድ የታሰረ የጥንቸል ቆዳ ለሚስታቸው ሰጡ፤ ቡችሎቹ ሲወጡ በብረቱ ክምር ዙሪያ እየጎተቱ እንዲዞሩ።

"ስሚኝ ልጄ" አሉኝ። "ለሩጫ የሚሆነው ቆዳውን ይከተላል። ለጥንቸል የሚሆነው ግን ቆዳው የሚዞርበትን አውቆ አቋርጦ ይቀድማል። ሁለቱንም ያደረገ ካለ እሱን ያዢልኝ። እኔ አላይም፤ ዓይን ያለሽ አንቺ ነሽ።"

ወንዶቹ ጎማው ውስጥ ማልቀስ ያዙ። ደረቷ ነጭ የሆነ ሴት ቡችላ ግን አላለቀሰችም። ጎማውን አንዴ ዞረችው፣ የወንድሟን ጀርባ ረግጣ ወጣች። ወተቱን አልፋ ቆዳውን ተከተለች። ሚስትየው ወደ ክምሩ ሲታጠፉ እሷ መከተሏን ትታ በሌላው በኩል አቋርጣ ሄደችና፣ ቆዳው ብቅ ሲል በጥርሷ ያዘችው። ሚስትየው ወደ ኋላ ሳያዩ ገመዱን ሲስቡ ቆዳው ከአፏ አምልጦ መዞሩን ቀጠለ፤ ከእሷ በኋላ ብዙ ቆይቶ ቡናማው ወንድ ወጣ። እሱም ፈጣን ነበር፤ ቆዳው ሲታጠፍ ግን ዝም ብሎ ቀጥ ብሎ ሄዶ ከአጥሩ ጋር ተላተመ።

"መጀመሪያ የወጣው የትኛው ነው?" አሉ መካኒኩ፣ ፊታቸውን ወደ ድምፅ አዙረው።

ነጭ ደረቷን አየኋት፤ ቆዳውን እንደገና ይዛ ጅራቷን ታወዛውዛለች። እሷን ካልኩ እኔ ቅዳሜ አልወጣም። ለሌላ ሰው ቀላል ነገር ነው። ለእኔ ግን የዓመቱ ብቸኛ መውጫ ነበር።

"ቡናማው" አልኩ።

"አቋርጦ የቀደመውስ?"

"እሱው።"

ሚስትየው ከክምሩ ወዲያ ስለነበሩ ማን እንደያዘው አላዩም፣ የተባባልነውንም አልሰሙም። መካኒኩ ሁለቱንም አስመጡኝና በየተራ ደረታቸውን፣ ጭናቸውን፣ የእግራቸውን መዳፍ በጣታቸው ዳሰሱ። ነጭ ደረቷ ላይ እጃቸው ቆየ። ከዚያ ቡናማውን ሰጡኝ።

የቀሩት ሁለት ወንዶች ለዘበኝነት ተወሰዱ። ሴቶቹን አንድ የቀን ሠራተኛ በማዳበሪያ ይዞ በበራችን ሲያልፍ እኔ ቡናማውን ታቅፌ ቆሜ ነበር። ከማዳበሪያው አንዱ ጥግ ይንቀሳቀሳል። አንድ ቃል ብናገር ይቆም ነበር። አባባ ለቡናማው በሩን ከፍተው ይዘውልኝ ነበርና ገባሁ።

እውነት ለመናገር የመጀመሪያው ቅዳሜ ደስ አለኝ። ስታዲየምን አልፈን የከተማው ቤት እየሳሳ ሲሄድ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ አፌን ከፍቼ ነፋስ ጠጣሁ። ሚስትየው በመስታወት አይተውኝ "ይቺ ልጅ ከውሻው ብሳለች" ብለው ሳቁ።

ውሻው ሲያድግ በሩጫው ሁለተኛና ሦስተኛ እየወጣ መካኒኩን አላሳፈረም። ጭንቁ ሌሎቹ ተበትነው እኛ ወደ ማሳው ስንገባ ነው። ሚስትየው መኪና ውስጥ ሹራባቸውን ይሠራሉ። እኔና መካኒኩ ቃርሚያው ላይ እንቆማለን። ጥንቸሏ ትነሳለች፣ ቡናማው ይበራል፣ ሊደርስባት ሲል እጥፍ ትላለች፣ እሱ ቀጥ ብሎ እስከ ቦዩ ይሄዳል። መካኒኩ አገጫቸውን ቀና አድርገው ይጠይቁኛል።

"ዞረ?"

"ዞረ።"

"ቀደማት?"

"ቀደማት ጋሼ፤ ጉድጓድ ገብታ አመለጠችው እንጂ።"

በየቅዳሜው ያልሆነ አደን አወራላቸው ነበር። ሐሙስ ሲሆን ምን እንደምል ማሰብ እጀምራለሁ፤ ዓርብ ምግብ አይበላልኝም። በቤታችን በር ወጣሁ ብዬ በራሴ አፍ ታሰርኩ። ልተወው ብል ቅዳሜ ይቀራል፤ ልናዘዝ ብል ቡችላዋ አትመለስም። ሰውየው ደግሞ እያንዳንዷን ውሸት በፈገግታ ያዳምጡኝ ነበር፤ ያ ፈገግታ ነው የገደለኝ።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ሆኑ። ፋሻው ተነስቶ ማየት ሲጀምሩ ሰፈርተኛው እልል አለ። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ፊቴን በትራስ ሸፈንኩ። የዚያን ቅዳሜ ታምሜያለሁ ብል አባባ ከነጭራሹ ያስቀሩኛል ብዬ ፈራሁና ሄድኩ።

ማሳው ላይ ነፋስ አልነበረም። ጥንቸሏ ተነሳች፣ ቡናማው በረረ፣ እሷ ታጠፈች፣ እሱ ሄዶ ቦይ ውስጥ ገባ። መካኒኩ በዓይናቸው እስከ ቦዩ ተከተሉት። ውሻው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተመልሶ እግራቸው ሥር ሲተኛ ጎንበስ ብለው ጆሮውን አሹለት።

"ነጭ ደረቷ ናት አይደል?" አሉኝ።

አለቀስኩ። "ይቅር ይበሉኝ ጋሼ" አልኳቸው።

"እጄ ያን ቀን ነግሮኛል። የዚያችን ደረት ይዞ የማያውቅ መካኒክ አለ ብለሽ ነው?"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"አባትሽ በረንዳ ላይ ያሉሽን ሰምቻለሁ። አጥራችን ቆርቆሮ ነው" አሉ። "የእኔ ቤት ለውሻ ይጠባል። የአንቺ ግን ለሰው ጠበበ። ሴቷን ለጊዜው ለባለ ሥጋ ቤቱ በአደራ ላስይዛት አስቤ ነበር። ሳልነግረው ማዳበሪያው ቀደመኝ። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው፤ ብቻሽን አትሸከሚው።"

በመመለሻችን ሚስታቸውን በቄራ በኩል እንዲነዱ ለመኗቸው። ቀስ እያልን ሄድን። ውሻ ሞልቶ ነበር፤ ሁለታችንም በየመስኮታችን ነጭ ደረት ፈለግን። አላገኘናትም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ያ ውሻ ጥንቸል እንደማይዝ ታውቋል፤ ምን ምክንያት አለ? በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ጓዳ ሆኜ ሳህን ሳጥብ በራችን ተንኳኳ። አባባ ጋዜጣቸውን አጥፈው ከፈቱ። መካኒኩ ያቺን አንድ ዓይናቸውን አባባ ላይ ተክለው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል።

"ውሻው ጎበዝ ነው፤ ግን ገና ትምህርቱን አልጨረሰም" ሲሉ ሰማኋቸው። "ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅቷን ይስጡኝ፤ አንድ ሁለት ዓመት ሳይፈጅ አይቀርም።"